እጄ ከመነሳቱ በፊት

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቅያለሁ። መጀመሪያ በቀኝ በኩል የታችኛውን መንጋጋ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን። ነቃዩ ሁለተኛውን በጉጠት እንደያዘ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበና አገላብጦ ሲያየው ቆይቶ፣ «ይኼስ ምንም አልሆነም ነበር» አለኝ። አፌ ደም ሞልቶት ስለነበር አልመለስኩለትም። ጉጠቱን ነጥቄ ግንባሩን ልለው አስቤ እንደነበር ግን ዛሬም አስታውሳለሁ። በማግስቱ ስነሳ ሕመሙ እዚያው ነበር። ጥርስ በሌለበት ቦታ ጥርስ ያመኛል።

ሥራዬ ወፍጮ ቤት ነበር። ሰቆጣ ገበያ ዳር ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ግማሿን የናፍጣ ሞተሩ፣ ግማሿን ድንጋዩና የዱቄቱ ቋት ይዘውታል። ባለቤቱ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸው ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ጠዋት መጥተው ናፍጣ ይሰፍሩልኛል፣ ከዚያ ወደ ሱቃቸው ይሄዳሉ። የቀረው ቀን የእኔና የሞተሩ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ሰው ጆሮዬ ላይ ካልጮኸ አልሰማውም፤ እኔም ካልጮህኩ አይሰማኝም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እንጮሃለን። የሚጮህ ሰው ደግሞ ሳይቆጣም የተቆጣ ይመስላል፤ ትንሽ ሲቆይ የእውነት ይቆጣል። በገበያ ቀን ወረፋው መንገዱን ይሞላው ነበር። ሴቶች ተናንቀው መሬት ለመሬት ሲንከባለሉ፣ ወንዶች በሽመል ሲፈናከቱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ከተራዋ ገፍትረው አውጥተዋት ጆንያ ላይ ወደቀች። ባሏ የገፈተራትን ሰው ያዘና ጆሮውን በጥርሱ ቆረጠው። ቁራጩ ዱቄት ላይ ወድቆ ነበር፤ በአካፋ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ወረፋ የማስከብረው በጥፊ ነው። ሽማግሌ ገፍትሬያለሁ፣ የሴት ቁና በእግሬ መትቼ እህሏን አፈር ላይ በትኛለሁ። ሰዎች «ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው» ይሉ ነበር፤ እኔም እንደዚያ ማለቱ ይመቸኝ ነበር።

ሰውነቴ ሲናገር ግን አልሰማሁትም። ጠዋት ስነቃ አፌ ተቆልፎ ይጠብቀኛል፤ መንጋጋዬን በሁለት እጄ ይዤ ካላላቀቅኩት ጉርሻ አይገባም። አንገቴ እንጨት ሆኗል፤ ወደ ጎን ለማየት በወገቤ ነው የምዞረው። ምሳ ከበላሁ በኋላ ደረቴ ሥር እሳት ይነድዳል። ተቀምጬ እያለሁ፣ የሚያሳድደኝ ሳይኖር፣ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ትመታለች። ለጨጓራዬ ተልባ ጠጣሁ። ለአንገቴ ጸበል ተጠመቅሁ። ለጥርሴ ጉጠት። ለሁሉም ደግሞ አረቄ። አረቄው ለአንድ ሰዓት ያህል ያላላኛል፣ ከዚያ ከበፊቱ ይልቅ ያጠብቀኛል።

ሚስቴን እመታት ነበር። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጊዜ ወስዶብኛል። ሰክሬ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሳልሰክር ነው። ወጡ ቀዘቀዘ ብዬ፣ በሩ ጮኸ ብዬ። አንድ ማታ በርጩማ ወርውሬ ቅንድቧን ተረተርኩት። የአራት ዓመት ልጃችን አላለቀሰችም። ከአልጋ ሥር ገብታ፣ ቦታውን ከጥንት እንደምታውቅ፣ እግሯን ሰብስባ ተኛች። ይህን አይቼም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያ ቀን የመጣው የባድመ ጦርነት በተነሳበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮው ሁለት ቀን ቆሞ ስለነበር የሦስት ቀን ሰው በአንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተከማችቷል። ከቤት ስወጣ ምንም አልቀመስኩም፤ አፌ አልከፈት ብሎኝ እንጀራውን ትቼው ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ቺንጋው ተበጠሰ፤ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ ማዞሪያ ማለቴ ነው። ተወርውሮ ክንዴን ላጠው። ሞተሩን አጠፋሁና መሬት ላይ ተንበርክኬ በሽቦ መስፋት ጀመርኩ። ውጭ ያለው ሰው ይጮሃል፣ ቆርቆሮውን በድንጋይ ይደበድባል። ከክንዴ የሚወርደው ደም ሽቦውን ያንሸራትተዋል።

አንድ ገበሬ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። በጽጽቃ መንገድ ካለ መንደር ማሽላ በአህያ ጭኖ መጥቶ ከትናንት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ያደረ ነው። ኽምጣኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን ረጋ አድርጎ፣ ቃል በቃል ነው የሚናገረው።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሲሠራ የእኔ ተራ ነው» አለኝ። «ልጆች ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ውጣ!»

«ትናንትም ውጣ አልከኝ፤ ወጣሁ። ዛሬ ተራዬ ነው» ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ነካ ነው ያደረገኝ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አልገፋኝም፣ አልጎተተኝም። ሰው ዘመዱን እንደሚነካው ነው የነካኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ እኔ የማስታውሰው ጆሮዬ ውስጥ ሞተሩ ሳይነሳ መጮሁን ብቻ ነው። ትልቁን የብሎን መፍቻ አንስቼ ወደ ጭንቅላቱ ሰነዘርኩ ይላሉ። ሰውየው በክንዱ ጋረደ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ እስከ መንገዱ ተሰማ ይላሉ። ከወደቀ በኋላም ትከሻውን ደገምኩት። ሦስተኛውን ሳነሳ እጄን የያዙኝ ሴቶች ናቸው።

ወንድምየው ውጭ አህያዋን ይጠብቅ ነበር። ገብቶ ወንድሙን መሬት ላይ አየው። በሽመሉ ጀርባዬን፣ ጎኔን፣ ጉልበቴን እየለወጠ መታኝ። ስወድቅ ሌሎቹ ተቀበሉኝ፤ በጥፊ የመታኋቸው፣ እህላቸውን የበተንኩባቸው ሁሉ። አንዲት ሴት በባዶ እግሯ ፊቴ ላይ ቆማ ስትረግጠኝ ከታች ሆኜ አየኋት፤ ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም፣ እሷ ግን ታውቀኝ ነበር። ፖሊስ ባይደርስ እዚያው ያልቅልኝ ነበር። ጎኔ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ እስካሁን ስስል ይነግረኛል።

በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን ሐጂ ምግብ ይዘው መጡ። ከፍርግርጉ ወዲያ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ።

«ሰው ልትገድል ነበር» አሉኝ።

«አናደደኝ፣ ሐጂ።»

«እሱ አላናደደህም። ተናድደህ ነው ከቤትህ የመጣኸው። ናፍጣ ስሰፍርልህ እጅህን አይቻለሁ፤ ጨብጠህ ነበር። የበርሜሉን ክዳን ያዝልኝ ብዬህ መዘርጋት አቅቶህ ነበር።»

«ካዩ ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁህ» አሉ። «በገዛ ወፍጮዬ ውስጥ ፈራሁህ። ከዓመት በላይ ሆነኝ።»

እኒህ ሰውዬ በከተማው የሚከበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እንደዚያ ሲሉኝ የመጣብኝ ንዴት ሳይሆን ብርድ ነበር።

ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገቡበት። ነገሩ ደም ሳያቃባ ይብረድ ተባለና ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። በመጨረሻው ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «የሰበርከው ቀኝ እጁን ነው። እርሻ ደርሷል። የእሱ እጅ እስኪጠና ድረስ እጁ አንተ ነህ። ትሄዳለህ፣ ታርሳለህ፣ ታርማለህ።» ገበሬው ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጧል። ራሱን ነቀነቀ። ወንድምየው ምራቁን ተፍቶ ወጣ።

ፖሊስ በሽማግሌዎቹ ዋስትና ለቀቀኝና ሰኔ አጋማሽ ላይ ሄድኩ። ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስደርስ መጀመሪያ ያገኘሁት ወንድምየውን ነበር፤ ደጃፉ ላይ እንጨት ይፈልጣል።

«እሱ እሺ ብሎ ይሆናል» አለኝ ቀና ሳይል። «እኔ አላልኩም። እዚህ ግቢ ውስጥ እጅህ ከተነሳ፣ በሰው ላይ ይሁን በበሬ፣ በዚህ መጥረቢያ ነው የምቀበልህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረቢያዋ ከእሱ አልተለየችም። ሳርስ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ያየኛል። የምጠጣውን ውሃ ፊቴ ላይ ይደፋዋል። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ከጀርባዬ የሚመጣውን ነበር፤ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል።

የገበሬውን ክንድ የያዙት አክስቱ ናቸው፤ የአካባቢው ወጌሻ። አጥንት ጠጋኝ፣ ውልቃት መላሽ፣ አጭር ጠንካራ አሮጊት። በየሦስት ቀኑ መጥተው ማሰሪያውን ይፈትሹታል። አንድ ጠዋት ከማሳው ዳር ቁጭ ብለው የወንድማቸውን ልጅ ጣቶች አንድ በአንድ ሲያንቀሳቅሱ እኔ በሬዎቹን አዞር ነበር። ድንጋይ መጥቶ ማጅራቴን አገኘኝ። የወረወረው ወንድምየው ነው። ዞርኩ። ጅራፉ በቀኝ እጄ አለ። እሱ መጥረቢያውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ያዘው፤ ፊቱ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። ይህን ሲጠብቅ ነው የከረመው። አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«እጅህን እየው!» የሚል የአሮጊት ጩኸት ሰማሁ።

ወደ እሱ እጅ አየሁ።

«የእሱን አይደለም! የራስህን! ግራውን!»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ግራ እጄ ተጨብጧል። አውራ ጣቴ ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ተደብቋል፣ ጥፍሬ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ደም በአንጓዬ ይወርዳል። ሕመሙ አልተሰማኝም ነበር። የሌላ ሰው እጅ የማይ መሰለኝ።

«አውራ ጣትህን አውጣው» አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ለማውጣት ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ጅራፉን ጥዬ በቀኝ እጄ ጎትቼ አወጣሁት። አውራ ጣቴ ሲወጣ ደረቴ ውስጥ ታምቆ የነበረ ትንፋሽ አብሮ ወጣ። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። ትልሙ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንድምየው ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ መልሶ ሄደ። አንድ እርምጃ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን ዛሬ በሕይወት አንኖርም ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጊቷ ጠሩኝ። ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ቅቤ ቀቡና ከኋላዬ ቆሙ። ማጅራቴን፣ ትከሻዬን፣ ከዚያ ከጆሮዬ ሥር ያለውን ነካኩ፤ አፌንም አስከፍተው አዩ።

«ጥርስህን ማን ነቀለው?»

«አሞኝ አስነቀልኩት፣ እማማ።»

«ጥርስህን አይደለም ያመመህ። ይኸውልህ።» መንጋጋዬ የሚታጠፍበትን ሥጋ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ከብት ጮህኩ። ሥጋው እንደ ጠጠር ነው። «ተኝተህ ታፋጫለህ። ቆመህ ትነክሳለህ። አንተ የሰበርከውን ልጅ ክንድ ሳሽ እንዲህ አልደረቀብኝም።»

እያሹ ነገሩኝ። የሚናገሩት በአጫጭሩ ነው። አፌን እንደ ሞኝ ክፍት አድርጌ መንጋጋዬ በራሱ ክብደት እንዲወርድ እንድተወው፤ ምላሴ ከታች እንድትተኛ። ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ ሰቅዬ አንዴ እንድጥለው። እርጥብ እንጨት እንደሚያነድ ሰው በቀስታ፣ በረጅሙ ወደ ውጭ እንድነፋ፤ ወደ ውስጥ መሳቡን ሰውነቴ ራሱ ያውቃል አሉ። ባዶ ሆዴን ሥራ እንዳልጀምር። አረቄውን እንድተው። ጠዋት አፌ ሲቆለፍ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እንዳደርግበት። ከሁሉም በፊት ግን እጄን እንዳይ።

«እጅህ ከአንተ ይቀድማል» አሉኝ። «አንተ ተናደድኩ ከማለትህ በፊት እጅህ ያውቃል። ጠይቀው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አህያ እንኳ ጭነቷ ሲወርድ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ በአፍንጫዋ ትነፋለች፣ ቆዳዋን ታራግፋለች። አንተ ከወፍጮ ቤት ስትወጣ ያንን ሁሉ የት ታወርደዋለህ?»

መልሱን አውቀው ነበር። የሚስቴ ቅንድብ ላይ ነበር የማወርደው።

እዚያ ከሁለት ወር በላይ ቆየሁ። እንደ ታሪክ አንድ ቀን ተሽሎኝ አላደርኩም። መንጋጋዬ የሚፈታው ለግማሽ ቀን ነው፣ ከዚያ ይቆለፋል። አንድ ቀን በሬው መንገድ ሲስትብኝ በጡጫ አፍንጫውን መትቼዋለሁ፤ ደግነቱ ወንድምየው አላየም። ገበሬው ግን አይቷል። በግራ እጁ የበሬውን አፍንጫ አበሰለት። ያ ከዱላ ይልቅ ቆረጠኝ።

ክንዱ በነሐሴ መጨረሻ ተፈታ። ትንሽ ጠምሟል፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ እስከ መጨረሻው አይታጠፉም። ልሄድ ስል ጫማዬን እያሰርኩ፣ «ለምን ይቅር አልከኝ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይቅር አላልኩህም» አለኝ። «ማሳው መታረስ ነበረበት።»

ወንድምየው ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አላናገረኝም።

ሰቆጣ ስገባ ቤቴ ባዶ ነበር። ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ወንድሟ ቤት ገብታለች። ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ወጣች፤ ቁጭ በል አላለችኝም፣ እሷም አልተቀመጠችም። በሩን ከኋላዋ ክፍት አድርጋ ነው የቆመችው። አሮጊቷ ያሉኝን ነገርኳት። እጄን ዘርግቼ ጥፍሬ መዳፌ ላይ የተወውን ጠባሳ አሳየኋት። ማንም ያላወቀውን ነገር ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«እጅህን አሁን ነው ያየኸው?» አለችኝ። «እኔ አምስት ዓመት አይቼዋለሁ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ጆሮህ ይቀላል። ከዚያ ዝም ትላለህ። ከዚያ ምራቅህን ትውጣለህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለተኛው ላይ ልጅቷን ጎረቤት እልካታለሁ። ካልደረስኩ አልጋ ሥር ትገባለች፤ አስተምሬያታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልንገርህና ቶሎ እንድትጀምር?»

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ፤ እሷም አየችው መሰለኝ ግማሽ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች። አፌን ከፈትኩ፣ ትከሻዬን ጣልኩ፣ በረጅሙ ነፋሁ። ደጃፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባሏ እንደ አህያ ሲነፋ ቆማ አየች። አልሳቀችም።

«ጥሩ ነው» አለች። «ተማረው። ግን ያንተ ወጌሻ እኔ አይደለሁም። እኔ ልጅ አለኝ።» ገብታ በሩን ዘጋች።

የመጣችው ከሰባት ወር በኋላ፣ ፋሲካ አልፎ ነው። እስከዚያ ድረስ በየእሁዱ ሄጄ ደጃፉ ላይ ልጄን አይ ነበር። ስትመለስም ከወንድሟ ጋር ተነጋግራ፣ እሱ ደግሞ እኔን ፊት ለፊት ተናግሮኝ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ እጄ ቢነሳ ዳግም አትመለስም። ከዚያ ወዲህ መትቻት አላውቅም። ግን አንድ ጊዜ፣ ከተመለሰች በሁለተኛው ዓመት፣ ግድግዳውን በጡጫ መትቼ ጣቴን ሰብሬያለሁ። ልጅቷን ይዛ ወጥታ ሳምንት ቆየች። ልክ ነበረች። ግድግዳው የማን ፊት እንደነበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሐጂ ሥራዬን መልሰው ሰጡኝ። ይህ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ሞተሩን በየመሃሉ ላጥፋው አልኳቸው፣ ለጥቂት ደቂቃ። ናፍጣ ይበላል ብለው አንገራገሩ፤ ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ቆመው ተመለከቱ። ሞተሩ ሲጠፋ ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው ያያል። ሐጂ ራሳቸው አንገታቸውን ግራና ቀኝ አዞሩ። «ለካ እኔንም ይዞኝ ነበር» አሉ። ጠብ አልጠፋም፤ ያች ወፍጮ ቤት ከዚያ በኋላም ደም አይታለች። የእኔ እጅ ግን አልነበረበትም።

ልጄ አራተኛ ክፍል ስትገባ በየጠዋቱ ማስመለስ ጀመረች። እናቷ ኮሶ ነው ብላ መድኃኒት ሰጠቻት። እኔ ደብተሯን ስትይዝ አየሁ። አውራ ጣቷ ከአራቱ ጣቶቿ ሥር ገብቷል።

«ማነው የሚመታሽ?» አልኳት።

መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ የድሮው ሰው መሆኔንና አለመሆኔን ለማረጋገጥ። ከዚያ የሒሳብ አስተማሪዋን ነገረችኝ። እጅጌዋን ስትገልጠው ክንዷ ላይ የአለንጋ ሰንበር ተደራርቧል።

ጆሮዬ ጋለ። ከቤት ስወጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን አለንጋ አንገቱ ላይ መጠምጠም። በአቋራጩ አምስት ደቂቃ ነው። እጄን አየሁት፤ ጨብጧል። አቋራጩን ትቼ በገበያው ዞሬ፣ በረጅሙ መንገድ ሄድኩ። እየነፋሁ፣ ትከሻዬን እየጣልኩ። ሁለት ጊዜ ለመመለስ ቆምኩ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ልቤ አሁንም ትመታለች፤ እጄ ግን ተዘርግቷል።

አስተማሪው ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነው። ብቻውን ክፍል ውስጥ ቆሞ ሰሌዳ ይጠርጋል። ስጠራው አንገቱን አላዞረም፤ በወገቡ ነው የዞረው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አለንጋው በእጁ አለ፤ ሰሌዳ ሲጠርግ እንኳ አላስቀመጠውም።

«መምህር፣ ልጄን እየመታሃት ነው» አልኩት። «በየጠዋቱ ታስመልሳለች።»

«ሰማንያ ልጅ ነው የያዝኩት!» ብሎ ጮኸ። «ሰማንያ! አንተ ናና ዝም አሰኛቸው!»

«እኔም መቺ ነበርኩ። የሰው ክንድ ሰብሬያለሁ፤ ሰውየው ዛሬ ሁለት ጣቱ አይታጠፍም። የሚስቴን ቅንድብ ተርትሬያለሁ። ልመታህ ነበር የመጣሁት።»

ወደ ኋላ አለ። አለንጋውን ከፍ አደረገው። እኔ እጄን ዘርግቼ እንደቆምኩ ቆየሁ።

«አንገትህ ከያዘህ ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኩት።

አለንጋውን ዝቅ አደረገ። ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጠ። «ከመጣሁ ጀምሮ» አለኝ። «እንቅልፍ የለኝም። ደረቴ ያቃጥለኛል። ልብ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ልጄን አትንካት» አልኩት። «ሌሎቹንም። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት። ስለ አንገትህ ደግሞ ወፍጮ ቤት ና።»

በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱ መጣ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጆንያ ላይ አስቀምጬ አሮጊቷ እንዳሳዩኝ አሸሁት፤ እሱም እኔ እንደጮህኩት ጮኸ። አለንጋውን በአንድ ቀን አልጣለም። ከልጄ ላይ እጁን አነሳ፣ ሌሎቹን ግን የመታበት ቀን እንደነበር እሷው ትነግረኝ ነበር፤ እኔም ሄጄ እናገረዋለሁ፣ እሱም አቀርቅሮ ይሰማኛል። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ አለንጋው ከክፍሉ ጠፋ። በዓመቱ ወደ ኒሯቅ ተዛወረና ሄደ።

ልጄ እስከ ጥምቀት ሰሞን ድረስ አልፎ አልፎ አስመለሳት። ከዚያ ተወት አደረጋት። አንድ ጠዋት እንጀራዋን ጨርሳ ሌላ ጨምሩልኝ አለች፤ እናቷ ጨመረችላት። ሁለታችንም ስትበላ አየናት።